ላቫው የያዘው ሰሜን፦ የአለት መግነጢስ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ቦታ መረጣ

ሥራው ገና መጀመሩ ነው፤ እየሄድኩ ነው የምጽፈው። ዛሬ የምለው ነገር ናሙናው ቤተ ሙከራ ሲገባ ሊፈተን ይችላል። እንዳለ ይቀመጥ።

ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። አንዱ በአንዱ ላይ የተነባበሩ የባዛልት ላቫዎች አሉ። እያንዳንዱ ላቫ ፈስሶ ሲበርድ ውስጡ ያሉት በዓይን የማይታዩ የማግኔታይት ቅንጣቶች በዚያ ጊዜ የነበረውን የምድር መግነጢሳዊ መስክ አቅጣጫ ይይዛሉ። ድንጋዩ ካልተነካ ያንን አቅጣጫ ለሚሊዮን ዓመታት ይዞ መቆየት ይችላል። እኛ ናሙና አውጥተን አቅጣጫውን እንለካለን። መስኩ ያኔ እንደ ዛሬው ነበር? ወይስ ተገልብጦ የኮምፓስ መርፌ ወደ ደቡብ የሚያይበት ዘመን ነበር? ከሥር ያለው ላቫና ከላይ ያለው ላቫስ ይስማማሉ?

አቅጣጫ መለካቱ ራሱ ከባድ አይደለም። መሣሪያው በደቂቃዎች ይጨርሰዋል። ከባዱ ጥያቄ ሌላ ነው። ይህ የለካሁት አቅጣጫ ላቫው የበረደ ጊዜ የተያዘው ነው ወይስ ከዚያ በኋላ የተደረበ? ድንጋይ እኮ ዝም ብሎ አይቀመጥም። በዛሬው መስክ ውስጥ ሲቆይ ቀስ በቀስ አዲስ መግነጢስ ይደርባል፣ መብረቅ ይመታዋል፣ ውሃ ይሰርግበትና አዲስ የብረት ማዕድን ይፈጠርበታል። ተፍቆ በላዩ ሌላ ጽሑፍ የተጻፈበት ብራና በሉት። ደምቆ የሚታየው የላይኛው ነው፤ እኛ የምንፈልገው የታችኛውን ነው። እኔ እንደማየው የዚህ ሙያ ዋናው ድካም ያለው እዚህ ላይ ነው፤ የመግነጢሱን ዕድሜ ያላረጋገጠ ሰው ስለ ድንጋዩ ዕድሜም ሆነ ስለ አህጉሩ ጉዞ ምንም ለማለት መብት የለውም።

ሰባት ንብርብር መርጠናል። ከታች ወደ ላይ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ፣ ረ፣ ሰ ብለናቸዋል። ሀ ከሁሉም የቀደመ ነው፣ ሰ የመጨረሻው። ወደ ምዕራብ 10 ዲግሪ ገደማ ያዘነብላሉ፤ ሁሉም እኩል፣ በአንድ አቅጣጫ። ይህም ኋላ ስሌት ውስጥ ይገባል።

በሐ እና በመ መካከል ደግሞ ቀይ አፈር አለ። ውፍረቱ ከአንድ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ሐ ከፈሰሰ በኋላ ረጅም ፋታ ነበር ማለት ነው፤ አለቱ ፈርሶ አፈር እስኪሆን ድረስ። ከዚያ መ መጣና አፈሩ ላይ ፈሰሰበት። የአፈሩ አናት እንደ ጡብ ደርቋል፣ በመዶሻ ሲነካ ይጮኻል። ወደ ታች ሲኬድ ግን እየላላ ይሄዳል። የሥራ ባልደረቦቼ ጥሩ ላቫ ሲፈልጉ እኔ ዓይኔ እዚህ አፈር ላይ ነው የቀረው። ምክንያቱን ተራው ሲደርስ እጽፋለሁ።

የላቫው አሠራር ይህ ነው። ባዛልት ሲፈስ ከ1,000 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይሞቃል። ማግኔታይት ደግሞ ከ580 ዲግሪ በላይ ቋሚ መግነጢስ መያዝ አይችልም፤ ይህ ገደብ በፈረንሳዊው ፒየር ኩሪ ስም የኩሪ ሙቀት ይባላል። ላቫው ከዚያ በታች እየበረደ ሲወርድ ቅንጣቶቹ ሁሉ አንድ ላይ አይቆለፉም። አንዱ 550 ላይ፣ ሌላው 400 ላይ፣ ሌላው 200 ላይ፣ እንደ መጠኑና እንደ ቅርጹ በየራሱ ደረጃ ይቆለፋል። ይህችን ነገር ያዙልኝ።

ቁፋሮ

መሰርሰሪያው ከዛፍ መቁረጫ ሞተር የተሠራ ነው። ጫፉ ላይ አፉ በአልማዝ ፍንጣሪ የተለበጠ ባዶ ቱቦ አለ። ውሃ በግፊት እየተላከለት ይቆፍራል፤ ውሃ ከተቋረጠ አልማዙም ድንጋዩም ይቃጠላል። የሚወጣው ናሙና 2.5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሲሊንደር ነው፣ ርዝመቱ እስከ 10 ሴንቲ ሜትር።

ቆፍረን ስንጨርስ ናሙናው ወዲያው አይወጣም። ዙሪያውን ተፈልቅቆ ከሥሩ ብቻ ከአለቱ ጋር ተያይዞ ይቆማል። አቅጣጫው የሚመዘገበው ያኔ ነው። ጎኑ ላይ ስንጥቅ ያለው የአሉሚኒየም ቱቦ ይሰካበታል፣ ከላዩ ኮምፓስና የዝንባሌ መለኪያ አለ። ናሙናው ወዴት እንደሚያይና ስንት ዲግሪ እንዳዘነበለ ይጻፋል፣ ከዚያ በስንጥቁ በኩል በነሐስ ሽቦ ከጫፍ እስከ ሥር መስመር ይጫርበታል። መስመሩ ከተጫረ በኋላ ነው ሰብረን የምናወጣው። ሳይጫር ቀድሞ ከተሰበረ፣ ስብራቱን መልሶ በትክክል መግጠም ከተቻለ እሰየው፣ ካልገጠመ ይጣላል።

ለምን ይህን ያህል ጥብቅ እንደምንሆን ልንገራችሁ። ቦታው ለምድር ወገብ ቅርብ ነው። የምድር መስክ በዋልታዎቹ አካባቢ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ወይም ወደ ላይ ያያል፤ በምድር ወገብ ላይ ግን አግድም ይተኛል። ስለዚህ በከፍተኛ ኬክሮስ የሚሠራ ሰው የናሙናውን ላይና ታች ብቻ ቢያውቅ እንኳ መስኩ መገልበጡን ሊያይ ይችላል። ለእኛ ያ ዕድል የለም። እዚህ ቀጥተኛው (እንደ ዛሬው ያለው መስክ) ወደ ሰሜን ትንሽ ወደ ታች፣ ግልብጡ ወደ ደቡብ ትንሽ ወደ ላይ ነው። ልዩነቱ ያለው አግድም አቅጣጫው ላይ ነው። መስመሩ ከጠፋ ሁሉም ጠፋ።

ከእያንዳንዱ ንብርብር ስምንት ስምንት ናሙና እየወሰድን ነው፣ እርስ በርሳቸው በሜትሮች ተራርቀው። አንድ ቦታ ላይ ከተከማቹ ያ ቋጥኝ ቀድሞ ተንሸራቶ ከሆነ ስምንቱም በአንድነት ያሳስቱናል።

ኮምፓስና ፀሐይ

ባዛልት ራሱ ማግኔት ስለሆነ ኮምፓስ ስታስጠጉት መርፌው ይዛባል። ስለዚህ በፀሐይም እንለካለን። ቱቦው አናት ላይ ቀጭን ዘንግ ይቆማል፣ ጥላው የወደቀበት ዲግሪና ሰዓቱ ይጻፋል። ቀኑ፣ ሰዓቱና የቦታው ኬክሮስና ኬንትሮስ ከታወቀ ፀሐይ በዚያች ደቂቃ በየት በኩል እንደነበረች በስሌት ይገኛል። ምድር በ4 ደቂቃ 1 ዲግሪ ስለምትዞር ሰዓታችን ትክክል መሆን አለበት። እኩለ ቀን አካባቢ ግን ብዙ አይረዳም፤ ፀሐይዋ አናታችን ላይ ትሆንና ጥላው ያጥራል፣ በዚያ ላይ አቅጣጫዋ በፍጥነት ይለዋወጣል። ጠዋትና ከሰዓት በኋላ እንለካለን፣ በመካከል ቁፋሮ ብቻ።

ከሀ እስከ ረ በሁለቱ ዘዴዎች መካከል ያለው ልዩነት ጥቂት ዲግሪ ነው። ሰ ላይ ስንደርስ ነገሩ ተለወጠ። አንዱ ጉድጓድ ላይ ልዩነቱ ከ40 ዲግሪ አለፈ። ሁለት ሜትር ራቅ ብሎ ወደ ሌላው ጎን ሆነ። ሰ የኮረብታው አናት ነው፣ ለሰማይ የተጋለጠ። ባልደረባዬ ሳይውል ሳያድር "መብረቅ" አለ። የአንድ መብረቅ ጅረት በአሥር ሺዎች አምፔር የሚቆጠር ነው፤ መሬት ሲነካ ዙሪያውን ኃይለኛ መስክ ይፈጥርና ድንጋዩን እንደ አዲስ ያማግነዋል፣ ያውም በየሜትሩ በተለያየ አቅጣጫ። ናሙናውን ግን ወስደናል። መብረቅ የመታው ድንጋይ ሁልጊዜ የሞተ አይደለም።

ወደ ቤተ ሙከራ

ናሙናዎቹ በ2.2 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ተቆረጡ። ከአንዱ ሲሊንደር ሁለት ወይም ሦስት ቁራጭ ይወጣል። ይህ ጥሩ ነገር ነው፤ አንዱን በሙቀት፣ እህቱን በተለዋዋጭ መስክ (አቅጣጫውን ቶሎ ቶሎ እየገለበጠ ቀስ በቀስ በሚዳከም መግነጢሳዊ መስክ) መፈተን እንችላለን። ሁለቱ ዘዴዎች ከተስማሙ እምነታችን ይጨምራል።

መለኪያው ቁራጩን በጥቅል ሽቦ አጠገብ በፍጥነት ያሽከረክረዋል። የሚሽከረከር ማግኔት ሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጥራል፣ ከዚያ ተነስቶ የመግነጢሱ ጥንካሬና አቅጣጫ ይሰላል። የእኛ ላቫዎች ጥንካሬ ከ2 እስከ 5 አምፔር በሜትር ነው፣ ለባዛልት የተለመደ። ሰ ግን ብቻውን ነው የወጣው፤ አንዳንዱ ቁራጭ ከሌሎቹ አሥር እጥፍ በላይ ይጠነክራል። የመብረቁ ጥርጣሬ ክብደት ጨመረ።

የጥሬው ልኬት ሥዕል ሲታይ ነጥቦቹ ተበታትነዋል። ሀ፣ ለ እና ሐ ወደ ደቡብ ምሥራቅም ወደ ምዕራብም ያያሉ፣ ወጥነት የላቸውም። መ፣ ሠ እና ረ ወደ ሰሜን ሰብሰብ ብለዋል። እዚህ ላይ ቆሞ "የላይኞቹ ቀጥተኛ፣ የታችኞቹ ምናልባት ግልብጥ" ማለት ቀላል ነበር። ግን ያ ሰሜን የዛሬው ሰሜን ቢሆንስ? የተደረበውን መግነጢስ ማጽዳቱ ሳይጀመር ምንም አይባልም።

ማሞቅ

የሙቀት ማጽዳቱ ሐሳብ ከላይ ያዙልኝ ካልኩት ነገር ይመጣል። ድንጋዩን መስክ በሌለበት እቶን 100 ዲግሪ ድረስ አሙቀን ብናቀዘቅዘው ከ100 በታች የተቆለፉት ቅንጣቶች አቅጣጫቸውን ይረሳሉ። ሌሎቹ አይነኩም። እንለካለን። ከዚያ 150፣ 200፣ 250 እያልን እስከ 580 እንወጣለን፣ በእያንዳንዱ ደረጃ ማሞቅ፣ ማቀዝቀዝ፣ መለካት። አዲስ የተደረበው መግነጢስ አብዛኛውን ጊዜ በዝቅተኛው ሙቀት ይወጣል፣ የቆየው እስከ መጨረሻ ይጸናል።

"መስክ የሌለበት" ማለት ቀላል ነው። የምድር መስክ እንደ ቦታው ከ25,000 እስከ 65,000 ናኖቴስላ ነው። እቶኑ መስክ በሚያግድ የኒኬልና የብረት ቅይጥ ተደራርቦ ስለተሸፈነ ውስጡ የሚቀረው ጥቂት ናኖቴስላ ነው። ቢሆንም አናምነውም። በእያንዳንዱ ደረጃ ቁራጮቹን ፊታቸውን እያዞርን እናስገባለን፤ የቀረ መስክ ካለ ልኬቱ ወዲያና ወዲህ እየዘለለ ራሱን ያጋልጣል። እስካሁን አልዘለለም።

የሀ የመጀመሪያ ቁራጭ ደስ የሚል ነገር አሳየን። ስናሞቀው ጥንካሬው መቀነስ ሲገባው ጨመረ። 100 ላይ ጨመረ፣ 150 ላይ ጨመረ፣ 200 ላይም። ምን ማለት ነው? ውስጡ እርስ በርስ የሚቃረኑ ሁለት መግነጢሶች ነበሩ፣ አንዱ ሌላውን ሲቀንስ የኖረ። የላላው ሲወጣ ጠንካራው ሙሉ ጉልበቱን አሳየ። ከ250 በኋላ ጥንካሬው በሥርዓት መውረድ ጀመረ፣ እስከ 580 ቀጥ ባለ መስመር። አቅጣጫው ደቡብ፣ ትንሽ ወደ ላይ። ግልብጥ።

ይህን የምናይበት ሥዕል ሆላንዳዊው ዛይደርቬልድ በ1967 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ያስለመደው ነው። የመግነጢሱን ቀስት ጫፍ በየደረጃው እየተከታተለ በአግድምና በቁም ገጽ ላይ ያስቀምጠዋል። አንድ ቀጥ ያለ መስመር አንድ መግነጢስ ነው። መስመሩ ሲታጠፍ አንዱ አልቆ ሌላው ጀምሯል ማለት ነው። የመጨረሻው መስመር ወደ ዜሮ ካመራ ከሥሩ ሌላ የተደበቀ የለም። መስመሩን በዓይን ግምት አናሰምረውም፤ ከርሽቪንክ በ1980 ያቀረበው ስሌት ከነስህተቱ መጠን ያወጣዋል።

በተለዋዋጭ መስክ የተፈተኑት እህቶችም ተመሳሳይ ቦታ ደረሱ። 10 ሚሊቴስላ ላይ የላላው ወጣ፣ ከዚያ በኋላ ደቡብ። ሀ፣ ለ፣ ሐ ሦስቱም ግልብጥ ናቸው። መ፣ ሠ፣ ረ ከተጸዱም በኋላ ወደ ሰሜን ጸንተዋል። መ ግን ልዩ ነው። ከሰሜን 15 ዲግሪ ወደ ምዕራብ ያዘነበለ ነው፣ ከሰሜን በምሥራቅ በኩል ዞሮ ሲቆጠር አቅጣጫው 345። የምድር መስክ በመቶዎችና በሺዎች ዓመታት ውስጥ በዋልታው ዙሪያ ስለሚዋዥቅ እንዲህ ያለ ፈቀቅታ የተለመደ ነው። ይህ 345 የሚባል ቁጥር ትልቅ ውለታ ይውልልናል፤ ከዛሬው ሰሜን ጋር አይምታታም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ለራሳችን ጽፈናል። ለ ከ450 ዲግሪ በኋላ ጸባዩ ተለወጠ። በየደረጃው ድንጋዩ በቀላሉ የመማገን አቅሙን እንለካለን፣ ያ ቁጥር በድንገት ከዘለለ እቶኑ ውስጥ አዲስ ማግኔታይት ተፈጥሯል ማለት ነው። ከዚያ በላይ ያሉትን የለ ደረጃዎች ከስሌት አውጥተናል። ከ250 እስከ 450 ያለው መስመር ለብቻው ይበቃል።

ቀዩ አፈር

እዚህ ላይ ጊዜ እወስዳለሁ።

በ1906 ፈረንሳዊው በርናር ብሩን አንድ ጥያቄ ነበረው። በማዕከላዊ ፈረንሳይ ላቫና ከሥሩ በላቫው ሙቀት የበሰለ ሸክላ አፈር አጠና። ሁለቱም ከዛሬው መስክ ተቃራኒ አቅጣጫ ይዘው አገኛቸው። ብሩን የደረሰበት መደምደሚያ ደፋር ነበር፤ መስኩ ራሱ ያኔ ተገልብጦ ነበር አለ። ጃፓናዊው ሞቶኖሪ ማቱያማ በ1929 ብዙ የእሳተ ገሞራ አለቶችን ለክቶ ግልብጦቹ ከቀጥተኞቹ የቆዩ መሆናቸውን ጻፈ። ዛሬ ያለንበት ዘመን በብሩን፣ ከእሱ በፊት ያለው ግልብጥ ዘመን በማቱያማ ስም ይጠራል፣ ድንበራቸው ከ773,000 ዓመት በፊት ገደማ ነው።

ግን ተቃውሞ ነበረ፣ ተገቢ ተቃውሞ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ጃፓን ውስጥ ከሃሩና ተራራ የመጣ ዳሳይት የተባለ የእሳተ ገሞራ አለት ቤተ ሙከራ ውስጥ ሲቀዘቅዝ ከተሰጠው መስክ ተቃራኒ አቅጣጫ ያዘ። ፈረንሳዊው ሉዊ ኔል ደግሞ ይህ በንድፈ ሐሳብ የሚቻል መሆኑን አሳይቶ ነበር። ስለዚህ ሰዎች ጠየቁ፤ ግልብጥ ድንጋይ ስናገኝ የተገለበጠው መስኩ ነው ወይስ ድንጋዩ ራሱ ነው የገለበጠው?

መልሱ ያለው የበሰለ አፈር ውስጥ ነው። ላቫና አፈር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፣ የብረት ማዕድናቸውም የተለያየ። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሞቀው በአንድ ጊዜ በርደው አንድ ዓይነት አቅጣጫ ከያዙ ማዕድኑ ሳይሆን መስኩ ነው የነገራቸው። ከዚያም ራቅ ብሎ ሙቀቱ ያልደረሰበት አፈር ሌላ አቅጣጫ ይዞ ከተገኘ፣ ኋላ የመጣ ነገር ሁሉንም አልሸፈነም ማለት ነው። ስለዚህ የላቫው መግነጢስ ዕድሜው የላቫው ነው። በአንድ ጊዜ ሁለት ማስረጃ።

አናቱ ጠንካራ ስለሆነ ተቆፈረ። ታችኛው ክፍል መሰርሰሪያ ሲነካው ይፈርሳል፣ ስለዚህ በቢላ ዙሪያውን ፈልፍለን ትንሽ ምሰሶ እያስቀረን ጄሶ አፈሰስንበት። ጄሶው ሳይደርቅ ላዩን በውሃ ልክ አስተካክለን አቅጣጫውን ጻፍንበት። ጄሶ መግነጢስ ስለሌለው ልኬቱን አይረብሽም። ከመ ሥር ጀምረን እስከ ሐ አናት ወረድን።

ውጤቱ ይኸው። ከመ ሥር በ10 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ያለው አፈር እስከ መጨረሻው የሙቀት ደረጃ ወደ ሰሜን ያያል። ያውም ወደ የትኛው ሰሜን? ወደ 345። ልክ እንደ መ።

40 ሴንቲ ሜትር ላይ ስንደርስ መስመሩ ታጠፈ። ከ350 ዲግሪ ሙቀት በታች 345፣ ከ350 በላይ ደቡብ። አንድ ቁራጭ አፈር ውስጥ ሁለት ዘመን! አፈሩ የተፈጠረው መስኩ ግልብጥ በነበረ ጊዜ ነው። ከዚያ መስኩ ተመለሰ። ከዚያ መ ፈሰሰ፣ ሙቀቱ በዚህ ጥልቀት ወደ 350 ብቻ ደረሰ። ስለዚህ ከ350 በታች የተቆለፉት ቅንጣቶች ብቻ እንደገና ተጽፈው አዲሱን ሰሜን ያዙ። ከዚያ በላይ ያሉት አልተነኩም። 70 ሴንቲ ሜትር ላይ እጥፋቱ ወደ 250 ወረደ። ከሜትር በታች ሁሉም ደቡብ ነው፣ ከ200 በታች ከሚወጣው የዛሬው መስክ በስተቀር። ላቫው ከመቶ ሺዎች ዓመታት በፊት ይሁን ከሚሊዮኖች ገና አናውቅም፣ ነገር ግን በዚያ ቀን አፈሩ ውስጥ በየጥልቀቱ ምን ያህል ሙቀት እንደደረሰ ከመግነጢሱ አነበብነው። ሥዕሉ ሲወጣ ሁላችንም ሥራ አቁመን ስክሪኑ ዙሪያ ተሰበሰብን።

አቅጣጫው 345 መሆኑ ለምን ውለታ ነው እንዳልኩ አሁን ይገባችኋል። መ ልክ ወደ ዛሬው ሰሜን የሚያይ ቢሆን ኖሮ አንድ ሰው "አፈሩ ላይ ያለው ሰሜን የዛሬው መስክ የደረበው ነው" ሊል ይችል ነበር። አሁን አይችልም።

ሰ እና መብረቁ

መብረቅ ያማገነው ድንጋይ በሙቀት ቢጸዳ ጥሩ ውጤት አይሰጥም፤ የመብረቁ መግነጢስ እስከ ከፍተኛ ሙቀት ይዘልቃል። በተለዋዋጭ መስክ ግን ቶሎ ይሸነፋል። ስለዚህ የሰ ቁራጮች በሙሉ ወደዚያ ሄዱ። ከ8ቱ ናሙናዎች 5ቱ ከ30 ሚሊቴስላ በኋላ ከየነበሩበት ተነስተው ወደ አንድ ሰፈር ተሰበሰቡ፣ ሰሜን፣ ትንሽ ወደ ታች። ሦስቱ እስከ 100 ሚሊቴስላ አልለቀቁም። እነሱ የሄዱበት መንገድ ግን ወደዚያው ሰፈር የሚያመራ ነው፣ አልደረሱም እንጂ። ሰን ቀጥተኛ ብለን መዝግበናል፣ ከአጠገቡ "በ5 ናሙና" የሚል ማስታወሻ አለበት።

ስሌት

የንብርብሮቹን አማካይ የምናሰላው ሮናልድ ፊሸር በ1953 ባወጣው ዘዴ ነው። በሉል ላይ የተበተኑ አቅጣጫዎችን አማካይና 95 በመቶ የምንተማመንበትን ክብ ይሰጣል። ከሰ በስተቀር የሁሉም ክብ ከ6 ዲግሪ በታች ነው። ከዚያ የንብርብሮቹን 10 ዲግሪ ማዘንበል መልሰን አቃናን። ጆን ግራሃም በ1949 ያቀረበው የእጥፋት ፈተና (ያዘነበሉት ንብርብሮች ሲቃኑ አቅጣጫዎቹ ከተሰባሰቡ መግነጢሱ ከእጥፋቱ የቀደመ ነው የሚለው) እዚህ አይሠራልንም፤ ያ ፈተና ንብርብሮቹ ወደ ተለያየ ጎን እንዲያዘነብሉ ይፈልጋል፣ የእኛዎቹ ሁሉም ወደ አንድ ጎን ናቸው። የቀዩ አፈር ዋጋ በዚህም ይጨምራል።

ግልብጦቹና ቀጥተኞቹ በአማካይ እርስ በርሳቸው ወደ 180 ዲግሪ ተቃራኒ ናቸው። ይህ ጥሩ ምልክት ነው። ያልተራገፈ የዛሬ መግነጢስ ቢኖር ሁለቱንም ወደ ሰሜን ይስባቸውና ተቃራኒነታቸው ይበላሽ ነበር።

የመግነጢሱ ዝንባሌ፣ ማለትም ከአግድም ወደ ታች ወይም ወደ ላይ ያዘነበለበት ማዕዘን፣ 18 ዲግሪ ገደማ ነው። የዝንባሌው ታንጀንት የኬክሮሱ ታንጀንት እጥፍ ስለሆነ 18 ዲግሪ ዝንባሌ 9 ዲግሪ ገደማ ኬክሮስ ይሰጣል። ይህን ቁጥር ጽፈነዋል እንጂ አንሟገትለትም። ሰባት ላቫ ሰባት ቅጽበት ነው። የመስኩ መዋዠቅ ተስተካክሎ የምድር መዞሪያ ዘንግ ላይ እንዲያርፍ በሺዎች ዓመታት ላይ የተዘረጉ ብዙ ላቫዎች ያስፈልጋሉ። መገለበጡን ለመናገር ሰባት ይበቃል፣ ኬክሮስ ለመናገር አይበቃም።

በቂ ሲሆን ግን ዘዴው የት ድረስ እንደሚወስድ አስቡት። 66 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆናቸው የሕንድ የደካን ላቫዎች ዝንባሌ ሕንድ ያኔ ከምድር ወገብ በስተደቡብ እንደነበረች ይናገራል። በደቡብ አውስትራሊያ የኤላቲና ደለል ከ635 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ በበረዶ ግግር ዘመን ተከማችቷል፤ መግነጢሱ ግን አግድም ሊሆን ጥቂት ነው የቀረው። ለምድር ወገብ ቅርብ በሆነ ቦታ፣ በባሕር ደረጃ፣ በረዶ! ብዙዎች "ያ መግነጢስ ኋላ የመጣ ይሆናል" አሉ። ያሳመናቸው እዚያ ያለው የእጥፋት ፈተና ነው፤ ደለሉ ገና ሳይጠነክር ተጣጥፎ ነበር፣ መግነጢሱም አብሮ ታጥፏል። ምድር በሙሉ በበረዶ ተሸፍና ነበር የሚለው ሐሳብ ትልቁ ምሰሶ እሱ ነው። ፈተናው ባይኖር ቁጥሩ ብቻውን ማንንም አያንቀሳቅስም ነበር።

ዕድሜ

የመስክ መገለበጥ ብቻውን ዕድሜ አይሰጥም። ከግልብጥ ወደ ቀጥተኛ የተደረገ ሽግግር ብዙ ነው። የእኛው የ773,000 ዓመቱ ሊሆን ይችላል፣ ከዚያ እጅግ የራቀም ሊሆን ይችላል። መለያው የአርጎን ልኬት ነው፤ ከፖታሲየም 40 ከፊሉ ቀስ እያለ ወደ አርጎን 40 ስለሚለወጥ ላቫው ከበረደ ስንት ዓመት እንደሆነው ይቆጥርልናል።

ይህ ጥምረት ነው የ1960ዎቹን አብዮት ያመጣው። አላን ኮክስ፣ ሪቻርድ ዶኤልና ብሬንት ዳልሪምፕል የላቫዎችን አቅጣጫ ከፖታሲየምና አርጎን ዕድሜ ጋር እያጋጠሙ የመገለበጥ የጊዜ ሰሌዳ ሠሩ። በ1966 ዶኤልና ዳልሪምፕል ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ሐራሚዮ በተባለ ቦታ ስም የተጠራች ከ1 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ የሆነች አጭር የቀጥተኛ ዘመን ጨመሩ። ቫይንና ማቲውስ በ1963 ያቀረቡት ሐሳብ፣ የውቅያኖስ ወለል እየተሰነጠቀ ሲሰፋ መስኩን በግራና በቀኝ በሰንበር ይመዘግባል የሚለው፣ ከዚህ ሰሌዳ ጋር ሲገጥም ብዙ ተጠራጣሪ ዝም አለ። በኢትዮጵያ ደጋ ላይ ያለው ግዙፍ የባዛልት ክምርም በዚሁ መንገድ ተጠንቷል፤ አርጎኑና መግነጢሱ አንድ ላይ ሲነበቡ አብዛኛው ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ፣ በአንድ ሚሊዮን ዓመት አካባቢ ወይም ባነሰ ጊዜ ውስጥ የፈሰሰ ሆኖ ተገኘ።

ለእኛ ለአርጎን የተመረጡት ሐ እና መ ናቸው፣ የቀዩ አፈር ሁለቱ ጎረቤቶች። ሽግግሩን ከላይና ከታች ያጥሩታል። ከመሃል ያለውን ትኩስና ያልፈረሰ ክፍል ቆርጠን አጥበን ለይተናል፣ ለልኬት ይሄዳል።

በዚህ መካከል የመ እህት ቁራጮች ሌላ ሥራ አላቸው። አቅጣጫ ብቻ ሳይሆን የመስኩን ጥንካሬ ልናወጣባቸው ነው፣ ባልና ሚስቱ ኤሚልና ኦዴት ቴልየ በ1959 ባሳተሙት ዘዴ፤ በየሙቀት ደረጃው የድሮውን መግነጢስ እያራገፍን በምናውቀው መስክ አዲስ እንሰጠውና ሁለቱን እናነጻጽራለን። ድንጋዩ እቶን ውስጥ ከተለወጠ ውጤቱ አይታመንም፣ ስለዚህ በየሁለት ደረጃው ወደ ኋላ ተመልሰን ዝቅተኛውን ሙቀት እንደገና እንፈትሻለን። ለ በ450 ላይ ስለተለወጠ አይገባም። መ እስከ 560 ንጹሕ ነበር። እቶኑ ተስተካክሏል፣ የሚሰጠው መስክ 40 ማይክሮቴስላ እንዲሆን ተወስኗል፣ የመጀመሪያው ዙር ከ100 ዲግሪ ይጀምራል።